የፈታኙ ወንበር

እትዬ በአህጉራችን ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋ ከሆነባቸው አገሮች በሦስቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። እኔ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ዐረብኛን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው!» እያልኩ ሰፈሩን አሰለቸሁት። አንድ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ስሰማ እጇን ይዤ ወሰድኳት።

ፈታኙ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ነበሩ። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር እያሳዩ በዐረብኛ አንድ ነገር አሏት። እትዬ እጇን አጣምራ ቆመች። ደገሙላት። ይኼኔ ሻርፗን ከአንገቷ አወረደችና ወንበሩን እግሩ ሳይቀር ወልውላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ተቀመጪ ነው እኮ ያልኳት» አሉኝ ሰውየው። ወረቀቱ ላይም «ቋንቋውን አታውቅም» ብለው ጻፉ።

በር ላይ ስንደርስ ንዴቴን መቻል አቃተኝ። «እንዴት ‹ተቀመጪ› እንኳ ይጠፋሻል?»

«ምን ይጠፋኛል» አለች፣ የሻርፗን አቧራ እያራገፈች። «አሠሪዎቼ ለእንግዶቻቸው ሲናገሩት በየቀኑ እሰማው ነበር። ለእኔ መሆኑን በምን ልወቅ?»