ጨርቁ ነው የለቀቀው

ካፊያው ሳይታሰብ ወረደና መንገደኛውን በየደጃፉ በተነው። ይህን የሚጽፈው ሰው የተጠለለው ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ሱቅ፣ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ካውያው ከእርጥብ ጨርቅ ላይ እንፋሎት ያስነሳል፤ በእንፋሎቱ ውስጥ የተንጠለጠሉት ቀሚሶችና ኮቶች ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይለዋል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሚስቱማ "ለጸሎት ሲንበረከክ እንኳ አያወልቃትም" ብላ ታማዋለች።

የሕፃናት መምህርቷ ካፊያውን እየሸሸች ገባች። ዓምና እሱ ራሱ የሰፋላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ቀሚሱ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ ወገቧ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣጥፏል።

"ጋሼ፣ እስቲ እየኝ" አለች። አፏ ይስቃል፣ ዓይኗ አይስቅም። "ሰው ሁሉ 'ከሳሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?' እያለ ፈጀኝ። ትናንት አንዷ ወላጅ 'ባልሽ አያበላሽም እንዴ?' አትለኝ መሰለህ!"

"ማነው ከሳሽ ያለሽ?" ጋሽ ሜትር ጨርቁን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገ። "ጨርቁ ነው የለቀቀው። ይሄ ዓይነቱ በታጠበ ቁጥር እየለቀቀ ይሰፋል። ጥፋቱም የኔ ነው፤ ስቆርጠው አስፍቼዋለሁ።"

"እውነትህን ነው?"

"እኔ ልሙት! ነገ ነይ፣ ልክሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ።"

መምህርቷ እፎይ አለች። ከመጋረጃው ጀርባ በቦርሳዋ የያዘችውን ልብስ ቀየረችና ቀሚሱን ሰጠችው። ጠረጴዛው ላይ ካለው ጆግ በብርጭቆ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ደገመች። "የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ጉሮሮዬን አደረቀው" ብላ ሦስተኛውን ቀዳች። ከዚያ ካፊያው ውስጥ እንደ ተማሪዎቿ እየዘለለች ሄደች።

ይህን የሚጽፈው ጎረቤት ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ሰው አቅልሎ በሚሸኘው ሰፊ ተደነቀ። "ደግ ሰው ነህ ጋሼ" አለው።

ጋሽ ሜትር ባዶዋን ብርጭቆ እያየ ቆሞ ቀረ።

ይህን ደግነት የተማረው ሙያውን ካስተማሩት ሽማግሌ ነው። "የሰው ወገብ የሰው ምስጢር ነው፤ ዓይንህ ይይ፣ አፍህ አይንገር" ይሉት ነበር። እሱም ቃላቸውን ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። በሰፈሩ የወፈረ ሰው "ተመችቶሃል፣ ፊትህ ሞላ" ይባላል፤ የከሳ "ምን ገጠመው?" ተብሎ ይታማል። ሻይ ሲቀዳ ስኳር የቀነሰ ሰው ስስታም ነው። ተቀምጦ የዋለ የተከበረ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ መሳፈሪያ ያጣ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰው የሚወፍረው እየተመረቀ ነው፤ የሚከሳው ግን ተደብቆ ወደ ልብስ ሰፊ ይመጣል። ጋሽ ሜትርም ያጠብባል፣ ያሰፋል፣ ዝም ይላል።

ሚስቱ ቀድሞ ደልደል ያለች ሳቂታ ሴት ነበረች። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ በመርፌው ሁሉ ክር የምታስገባለትም እሷ ነበረች። ክሩን በከንፈሯ ታረጥብና ሳታይ ማለት ይቻላል ታሾልከው ነበር። አንድ ዓመት ግን ከእጁ ላይ እንደ ሳሙና ማለቅ ጀመረች። ከማንም በፊት ያወቁት ጣቶቹ ናቸው። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲንሸራተት፣ ጎረቤት ምን ይል ይሆን ብላ ስትሸማቀቅ አየ። እሷ ገበያ ስትወጣ ቀሚሷን ሱቅ ወስዶ ግራና ቀኙን አንድ አንድ ጣት አጠበበ፤ ተኮሰውና መልሶ ሰቀለው። በማግስቱ ለብሳው በመስታወት ፊት ዞረች።

"አየህ፣ ልኬ ነው! ወሬኛ ሁላ!"

ሳቋን ሲሰማ ደስ አለው። በዚያው ዓመት አራት ጊዜ አጠበበ። እሷ ደግሞ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች፤ ቁልፍ ልትተክል ተቀምጣ እንቅልፍ ይወስዳታል። "እርጅና ነው" ትላለች። "ይሆናል" ይላል።

አንድ ረፋድ ከቧንቧው አጠገብ ወደቀች። በጤና ጣቢያው ነርሷ ክንዷን ይዛ ጠየቀቻት።

"እናቴ፣ ሰሞኑን ሰውነትሽ ቀንሶ ነበር?"

"ኧረ በፍጹም! ልብሴ ሁሉ ልኬ ነው። ባሌ ሰፊ ነው፣ እሱን ጠይቂው።"

ነርሷ ወደ ጋሽ ሜትር ዞረች። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደ ገመድ ከበደው።

"ሲስተር" አለ። "እሷ አልዋሸችም። እኔ ነኝ ያጠበብኩት። አራት ጊዜ።"

ሚስቱ ዞራ አየችው። "አንተ ሰውዬ" አለች። "እኔ ልኬ ነው ስል፣ ቀሚሴን እየሰረቅህ የምታጠብበው ለካ አንተ ነህ!" ሳቀች፤ እያለቀሰች።

ስኳር በሽታ ነበር፤ ቆይቶ ነው የተገኘው። ሰውነቷ በፈጣሪ ቸርነት ተመለሰ፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። አሁን በየማለዳው ክንድ ለክንድ ተያይዘው እስከ ድልድዩ ደርሰው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ሜትር፣ መንገዱን እየለካኸው ነው?" ይለዋል። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ጭጋጉ ከድልድዩ ሥር ሲነሳ ቆመው ያመሰግናሉ፤ የቀረላቸው ብርሃን ብዙ ነው። በመርፌው ግን አሁን ክር የሚያስገባው እሱ ነው። እያንዳንዷ ክር በሾለከች ቁጥር ያንን "ልኬ ነው!" ይሰማዋል።

ካፊያው አባራ። ጋሽ ሜትር ሰማያዊውን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጠመኔ ሊያሰምርበት ጎንበስ አለ። እጁ አየር ላይ ቆመ።

"ወንድሜ፣ ደግ አልከኝ አይደል?" አለ፣ ቀና ሳይል። "ሦስት ብርጭቆ ጠጣች። ቆጥረሃል? የኔዋም እንዲሁ ነበረች። አሁንም አፌ ሳላዝዘው 'ጨርቁ ነው' አለ። ሠላሳ ዓመት የለመደ አፍ!"

"ነገ ስትመጣ ንገራታ፣ ጋሼ።"

"ዓይኗን እያየሁ አልችልም። ታዝን ይሆናል ስል መልሼ እዋሻለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ደግሞ ሕፃናቱ 'እትዬ' እያሉ ከበሯ ላይ ሲንጠለጠሉባት አያለሁ። የእሷ ዓይን ለስንት ፊደል ያስፈልጋል!"

ጠመኔውን አስቀመጠ። ቀሚሱን ገልብጦ ትንሿን የውስጥ ኪስ አሳየው።

"ቀሚሱን አላጠብበውም። እንዳለ እመልስላታለሁ። አንተ ማንበብ ታበዛለህ፣ ቃልም አይቸግርህም። አንዲት ወረቀት ጻፍልኝ፤ ከዚህች ኪስ እከታታለሁ። ጨርቁ እንዳልለቀቀ በላት። ውሃውን ንገራት፤ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትታይ። ሳታስደነግጣት፣ ሳትዋሻትም። እባክህ፣ አሁኑኑ ጻፍልኝ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።"