ደከመኝ ላለ ሰው

ሲስተር ዘነበች ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ወልቂጤ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ማክሰኞ ሸኘናቸው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ፣ በትንሿ ክሊኒካቸው ስድስት ዓመት በካርድ ክፍል የሠራሁ ነኝ።

ሥራዬ የበሽተኛውን ስም፣ ዕድሜና የመጣበትን ምክንያት መጻፍ ነበር። ራስ ምታት፣ ሳል፣ ቁርጠት እጽፋለሁ። «ደከመኝ» የሚለውን ግን አልጽፍም ነበር። በእኛ አገር ከገበያ የተመለሰም፣ እንሰት ስትፍቅ የዋለችም፣ ከወንድሙ የተጣላም ደከመኝ ይላል፤ ለካርድ የሚሆን ቃል አልመሰለኝም።

አንድ ቀን እናቴ የረሳሁትን ቁልፍ ልታደርስልኝ ከመንደር መጥታ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ምን ሆነሽ ነው ብላት ትንሽ ደክሞኝ ነው አለች። ውሃ ሰጥቻት ወደ ካርዴ ተመለስኩ። ሲስተር ግን ሥራቸውን ትተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እህቴ?»

እናቴ ሳቀች። «ሴት ልጅ ደግሞ መቼ አርፋ ታውቃለች። እርስዎን አይደክምዎትም?»

«እኔማ ወንበር ላይ ነው የምውለው» አሏትና ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ታርፍ እንደሆነ ጠየቋት። አምና አላርፍም ነበር፣ ዘንድሮ ሦስቴ አርፋለሁ አለች። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩ። ውስጡ ነጭ ነበር። በየማታው አብሬያት ራት የምበላው እኔ አላየሁትም። ያኔውኑ በሚኒባስ ወደ አታት ሆስፒታል ላኩን። ደም በጣም አንሷታል፣ ቢዘገይ ልቧ አይችለውም ነበር ተባልን፤ አስተኟት።

እሷ እዚያ ተኝታ ሳለች እኔ ወደ ሥራ ስመለስ ሲስተር ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። «የእኛ ሰው አልጋ ላይ እስኪወድቅ ታመምኩ አይልም። ደከመኝ ካለህ ብዙ ነግሮሃል፤ የቀረውን አንተ ጠይቅ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እጽፍ ጀመር፦ ደከመኝ፤ ከመቼ ጀምሮ፤ ምን ሲሠሩ። አብዛኛው በእርግጥ የደከመው ብቻ ነበር። ሲስተር ያን ጊዜ ፊታቸው ይፈታል፤ «ድካም ብቻ ከሆነማ እሰየው፣ ሂድና ተኛ» ብለው ሳያስከፍሉ ይሸኙታል።

ሲስተር፣ ሦስቱን ቀን እናቴ በድንኳንዎ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ለለቀስተኛው ውሃ ስትቀዳ ዋለች። ጆጉን ልቀበላት ብል አልሰጥ አለችኝ። «ተወኝ፣ ይህችን እንኳ ላድርግላቸው» አለች። እኔም ቆሜ አየኋት። እንግዲህ እርስዎ ይረፉ፤ እኛ ደህና ነን።