ለጣውንት የተሰፋ ከረጢት

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍሏ ሴትዮና ሚስቱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ጎልማሳነቱን የጨረሰው ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ የስልክ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ደዋዩን ሁሉ ከሚፈልገው ክፍል ጋር ሲያገናኝ ነው። ተረኛ ሐኪም ስልክ አላነሳ ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ ሲያነሳ፣ «ዶክተር፣ ሕልሙ ካላለቀ ትንሽ ቆይቼ ልደውል?» የሚል ሰው ነው። ነርሶቹ ለሳቅ ብቻ ይደውሉለታል።

ፈሪ መሆኑን ግን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነች። የሚፈራው አንድ ወንበር መሆኑን ግን እሷም አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች ክፍል ከእሱ በፊት የሠራ፣ ሥራውንም ያስለመደው ሌላ ዓይነ ስውር ኦፕሬተር ነበር። አንድ ጊዜ የስልክ ማዞሪያው ሲለወጥ አዲሱን መልመድ አልሆነለትም። አላባረሩትም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር አጠገብ ወንበር ሰጥተው «እስክናስብበት እዚህ አረፍ ይበሉ» አሉት። ሳያስቡበት ቀሩ። ሰውየው ጠዋት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር «ማነህ? ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። መላሹ እያደር ቀነሰ። ከዚያ እሱም መጠየቁን ተወ፣ ከዚያም መምጣቱን። ወንበሩ ግን የሚያነሳው ጠፍቶ እዚያው ቀረ።

ታዲያ ዘንድሮ ማዞሪያው ጭራሽ ተነቀለ። ጥሪው ሁሉ በኮምፒውተር ይሁን ተባለና የስልክ ክፍሉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፤ ከዚያው ከወንበሩ ፊት ለፊት። ጆሮ የመጀመሪያ ቀን ሲወጣ በትሩ አንድ የእንጨት እግር ነካ። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው አወቀና በትሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

ተስፋው አንዲት ላፕቶፕ ነበረች። በሌላ ከተማ የሚያስተምር፣ እንደሱ ዓይነ ስውር የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር ያዘጋጀለት። የጫነባት ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበትን፣ ያወቀ ሁሉ የሚያሻሽለውን ነጻ ሲስተም ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ የምታነብ የሴት ድምፅ አብራው አለች። ትንሽ አፍንጫዋን የያዛት የምትመስል፣ ችኩል ድምፅ ነች። ሚስቱ መጀመሪያ የሰማቻት ዕለት ከጓዳ ብቅ ብላ፣

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች።

«የሥራ ባልደረባዬ ነች።»

«በሌሊት ልብስህ የምታናግራት ባልደረባ? ጣውንት አመጣህብኝ በለኛ!»

ስሟ ጣውንት ሆኖ ቀረ። ይቺ ጣውንት ታዲያ አፏ አያርፍም ነበር። ምሳ ላይ ተቀምጠው «ባትሪ ቀንሷል» ትላለች። ሚስቱ ስለ እህቷ ስታወራለት «አዲስ መልእክት መጥቷል» ብላ ጣልቃ ትገባለች። «ከእኔ ጋር እየበላህ የእሷን ወሬ ታዳምጣለህ» ሲባል ጊዜ ለቤቱ ሰላም ብሎ ማስጠንቀቂያ እንዳትናገር፣ ሲጠይቃት ብቻ እንድትመልስ አደረጋት። ሚስቱም ደስ አላት። እጇ በስፌት የተመሰከረለት ነውና፣ ባሏ ወደ አዲሱ ክፍል ሊወጣ ሲል ከአሮጌ ካፖርት ላይ ወፍራም ጨርቅ ቆርጣ ለላፕቶፗ ከረጢት ሰፋችላት።

«ጣውንትም ብትሆን ብርድ አይምታት። በልኳ ነው የሰፋሁት፤ ንቅንቅ አትልም።»

እውነትም በልኳ ነበር። ለማስገባትም ለማውጣትም መግፋትና መጎተት ይጠይቃል።

አዲሱ ክፍል ቀለም ቀለም ይሸታል። የኔትወርክ ገመድ ገና አልተዘረጋበትም፤ ሁሉም በዋይፋይ ነው። ጆሮ ላፕቶፑን ጎትቶ አወጣ፣ ከፈተ፣ ያሉትን ኔትወርኮች እንድታነብለት ጠየቃት።

«ምንም አልተገኘም» አለች።

ደግሞ ጠየቀ። ደግማ ያንኑ አለች። ከአጠገቡ የቆመችው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ጠፍቷል እኮ! ስክሪኑ ጨለማ ነው።»

«አልጠፋም። ለማን ብዬ ነው የማበራው?»

ሳቀችና አበራችው፤ ግን ወዲያው ሳቋ ቆመ። «ይሄን ሲስተም አላውቀውም፤ ሜኑው ሁሉ ሌላ ነው። የዋይፋይ ካርዱ አለ ይላል፣ ግን ምንም አይዝም።» ትንሽ ነካክታ ተወችው። «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት እንይ። ኃላፊው ከምሳ በኋላ ቢሯቸው አስገብተው ሊፈትኑዎት ነው። ካልሆነ አጥፍቼ የመሥሪያ ቤቱን ሲስተም እጭንልዎታለሁ።»

«ያኛው ያነብልኛል?»

«የማንበቢያ ፕሮግራሙን… ጥያቄ እናቀርባለን። እስኪያስቡበት ድረስ…»

እስኪያስቡበት። ቃሉን ያውቀዋል። ልጅቷ ክፋት የላትም፣ በደግነት ነው የተናገረችው። እሱን ያስፈራውም ደግነቷ ነው፤ ያንን ሰውዬም ወንበሩ ላይ ያስቀመጡት በደግነት ነበርና።

ቤቱ ሲገባም ያው ነው። በፊት እልፍኙ ድረስ ይመጣ የነበረው የጎረቤት ዋይፋይ እንኳ የለም። ባለፈው ሲስተሙን አድሶ ነበርና ጥፋቱን እዚያ ላይ ጣለ፤ ‹በገዛ እጄ ገደልኳት› አለ በልቡ። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አወጣ፣ መልሶ ጫነ። አጥፍቶ አስነሳት። ምንም አልተገኘም። ጣቶቹ በላብ እየተንሸራተቱ ፊደል ይስታሉ፤ እሷም የሳተውን ሁሉ በዚያች በአፍንጫዋ ድምፅ ታነብበታለች።

«ምን ሆነች?» አለች ሚስቱ።

«ደህና ነች።»

«ታዲያ አንተ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?»

«ብርዱ ነዋ።» ሞቃት ቀን ነበር።

በማግስቱ በትሩ ወንበሩን ሲነካ ሳያስበው እጁን ዘርግቶ መቀመጫውን ዳሰሰ። አቧራ ነው፤ መሐሉ ጎድጉዷል። እጁን እንዳቃጠለው ሰው መለሰ። ክፍሉ ገባና በሩን ዘግቶ ለመምህሩ ጓደኛው ደወለ።

«አንተ ጆሮ! እኔ ደግሞ የሞትክ መስሎኝ ነበር።»

«ልሞት ነው፤ ቀልዱን ተወው።» ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው።

«ድራይቨሩን ተወው፤ ዋይፋዩ ተዘግቶ እንደሆነ እንጠይቃት። ጻፍ፦ አር፣ ኤፍ፣ ኬ፣ አይ፣ ሁለት ጊዜ ኤል። ክፍት ቦታ። ሊስት። ከዚያ እሷን ወደ ስልኩ አስጠጋት፤ እኔም ልስማት።»

ጻፈ። ጣውንት ባልተገራ እንግሊዝኛዋ «ሶፍት ብሎክድ፣ ኖ። ሃርድ ብሎክድ፣ የስ» አለች።

ከወዲያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ጆሮ ከትንፋሽ ብዙ ነገር ይለያል፤ ይህን ትንፋሽ ግን መለየት አቃተው። «ምንድነው? ተበላሽቷል?»

ጓደኛው ሲታገለው የቆየውን ሳቅ ለቀቀው። «ምን ይበላሻል! ሲስተሙ አልዘጋውም፤ በእጅ ነው የተዘጋው። ዳር ላይ ተንሸራታች ማብሪያ ይኖራታል። አሁን ጆሮህን ተውና በጣትህ ፈልግ!»

የፊቱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አገኘ። ገፋት። ቀጭ አለች። እንደገና ጠየቃትና፣ ጣውንት የኔትወርኮቹን ስም በላይ በላዩ አወረደችለት፤ የላቦራቶሪውን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የኃላፊውን። እንባው መጣ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«አንተ ዝም በይ ብለሃታላ! ማስጠንቀቂያዋን መልስ።»

መለሰ። ማን እንደዘጋው ግን ገና አላወቀም። ‹እንደገና ቢዘጋስ? በኃላፊው ፊት ቢዘጋስ?› እያለ ሲብሰለሰል ቴክኒሻኗ አንኳኩታ ገባች። «ጋሼ፣ ሰዓቱ ደረሰ። ኃላፊው ይጠብቃሉ፤ ያዟትና እንሂድ።»

ላፕቶፑን ወደ ከረጢቱ መግፋት ጀመረ። ጨርቁ እንደልማዱ አላስገባ አለ። ጫን ብሎ ሲገፋ፣ ከውስጥ፣ ከወፍራሙ ካፖርት ሥር፣ ያችው ድምፅ ተሰማችው። ቀጭ። ጣውንትም ወዲያው፣ በታፈነ ድምፅ፣ «ዋይፋይ ተዘግቷል» አለች።

ጆሮ የከረጢቱን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ፤ የዘጋው እሱ ነው።

«ምን አለች?» አለች ልጅቷ።

«ምንም። ስለ ሚስቴ ነው።»

ኃላፊው ቢሮ ጠረጴዛው ላይ አወጣት። አውራ ጣቱን በጠርዙ አስኬደ፤ እውነትም ተዘግታለች። ገፋት። ኃላፊው ከሌላ ክፍል እንዲደወል አዘዙ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ምንም የለም። የወንበሩ ጎድጓዳ መዳፉ ላይ ያለ መሰለው። ከዚያ ጣውንት «ጥሪ መጥቷል» አለች።

«ሆስፒታል፣ ምን ልርዳዎት?» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ደዋዩን ከሚፈልገው ክፍል ጋር አገናኘው።

«ጥሩ» አሉ ኃላፊው። «ለጊዜው በዚህ እንቀጥላለን።»

‹ለጊዜው› የምትለዋን ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችው።

«ከረጢቱ ተመቸህ?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተና አልሆነለትም። ሁሉንም ነገራት፤ ወንበሩን ሳይቀር። ወንበሩን ነግሯት አያውቅም ነበር። ሚስቱ ከረጢቱን ከእጁ ነጠቀችና መቀሷን አነሳች፤ ስፌቱ ተርተር ሲል ሰማ።

«በቅናት ነው የጠበበው እንዳትለኝ ብቻ።»

«አልወጣኝም።»

«አንድ ጣት ላስፋው?»

«ሁለት አድርጊው» አለ ጆሮ። «የኔም እጅ አብሮ ይገባ።»

እሷ ሳቀች። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። እስካሁንም ያንን ኮሪደር ሲያልፍ ቀኝ እጁ በትሩን ይይዛል፣ ግራ እጁ ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ በትሩ የወንበሩን እግር ሲነካ አውራ ጣቱ ያችን የሩዝ ፍሬ ይፈልጋል፣ አግኝቶም እስኪያልፍ ድረስ አይለቃትም።