ማኅተም ያረፈበት ፎቶ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር... ባለቤቴ ፎቶ መነሳት ይወድ ነበር።

ታዲያ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ።

ትናንት ከሰዓት የእሱን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሙት ዓመቱን ካወጣን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያደርገኛል። የምሄደውም እሱ በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከወሎ ሰፈር ወደ ኢምፔሪያል።

አንድ ጋራዥ በር ላይ ግማሽ ጎኑ ተቀብቶ ግማሹ የቀረ ሚኒባስ ቆሟል፤ አነሳሁት። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ደግሞ አረንጓዴና ሮዝ ሳፋዎች ተደራርበው ፀሐይ አርፋባቸዋለች፤ እነሱንም አነሳሁ። ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ... አንዱንም አላየሁትም ነበር።

እሱ ግን ያይ ነበር። «ተመልከቺ እስቲ ይሄን አረንጓዴ!» ብሎ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። እኔ ሰው አየን ብዬ እሸማቀቃለሁ። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም። አልፎ አልፎ አብሬው ስወጣ፣ እሱ ሲያነሳ እኔ ጥግ ይዤ መጽሐፌ ውስጥ እደበቃለሁ።

አንዳንዴ ካሜራውን ይዘረጋልኛል።

«አንድ ጊዜ አንሺኝ። ቁልፏን መጫን ብቻ ነው።»

«ሌላ ቀን... ሰው እያየን ነው።»

ሌላው ቀን ሳይመጣ ሞተ።

ያረፈ ዕለት ድንኳን ውስጥ የሚቆም ፎቶ ተፈለገ። ልጄ ሕይወት፣ ቤት ያለውን አልበም ሁሉ አገላበጠች። እኔ አለሁ፣ እሷ አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ... እሱ የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነበራ!

«እማዬ፣ ካሜራው ውስጥስ አይኖርም?»

ዘመድ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስንቴ ለምኖኝ እንዳላነሳሁት የሚያውቁብኝ መሰለኝ።

«አትልፊ... አባትሽ መነሳት አይወድም ነበር» አልኳት።

አመነችኝ። ካሜራውን የከፈተው ሰው የለም። የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ትስፋ ተባለ። ስትሰፋ ፊቱ ደበዘዘ፤ ትከሻው ላይ ያረፈው ማኅተም ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ጎልቶ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲያሳድድ የኖረ ሰው በዚያ ተሸኘ።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ኢምፔሪያል ታክሲ መያዣው አጠገብ አንዲት ሴት ትልቅ ቢጫ ጃንጥላ ተክላ አትክልት ትሸጣለች። ፀሐይዋ በጃንጥላው አልፋ ቲማቲሙ ላይ ስታርፍ ቲማቲሙ የበራ ይመስላል። ካሜራውን ከፍ ሳደርግ ጮኸች።

«እናቴ! ሳያስፈቅዱ? ቲማቲሙም ባለቤት አለው እኮ!»

ደነገጥኩ። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አምሮብኝ ነው።»

«ካማረብዎትማ ኪሎ ይግዙ!» አለችና ሳቀች። አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠውም አብራ ሳቀች። ወዲያው ግን የባለ ቲማቲሟ ዐይን ካሜራው ማንገቻ ላይ ቀረ። ማንገቻው አንዴ ተበጥሶበት ባለቤቴ በቀይ የጫማ ክር ቀጥሎት ነበር።

«ይሄ የጋሽ ፎቶ ካሜራ አይደለም እንዴ?»

«ማን ናቸው ጋሽ ፎቶ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የሚያነሱን አባት ናቸዋ። አሳጥበው ያመጡልናል። ድንገት ጠፉብን፤ ምን አስቀየምናቸው እያልን...»

ጥቁር ልብሴን አየች።

«ወይኔ... ባለቤትዎ ናቸው?»

አንገቴን ነቀነቅኩ። ብድግ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«አላህ ያጽናዎት እናቴ። ያነሳኋቸው ፎቶስ? ለለቅሶው ደረሰ?»

«አንቺ... አንስተሽዋል?»

«መጨረሻ የመጡ ቀን ነው። ‹ዘሀራ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ አንሺኝ› አሉኝ። ‹ሚስት የለዎትም እንዴ የምታነሳዎት?› ብዬ ቀለድኩባቸው። ‹አለችኝ፤ ግን እጇ ሥራ አይፈታም› አሉኝ።»

ሥራ... ጥግ ይዤ ልብ ወለድ ሳነብ!

ዘሀራ ባዶ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። የእሱን ፎቶዎች ወደኋላ ሄጄ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እፈራ ነበር። አሁን ቁልፉን እየተጫንኩ ሄድኩ። ሳፋዎቹ... ሚኒባሱ... ያለፉት ቅዳሜዎች... የኔ አለቀ።

ቀጥሎ እሱ መጣ።

ፎቶው ትንሽ አጋድሏል፤ ጥጉ ላይ የዘሀራ ጣት ገብቶበታል። ከቃሪያው ክምር ጀርባ ቆሞ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። «ለዕድሜህ አይሆንም» ያልኩትን ብርቱካናማ ሹራብ ለብሷል።

ደጅ ድንኳን ተተክሎ ሰው ደብዛዛውን ፎቶ እያየ ሲያለቅስ፣ ይሄኛው ቁም ሣጥኔ ውስጥ እየሳቀ ነበር።

ዘሀራ በትከሻዬ በኩል ዘንበል ብላ አየች። «አይ ጣቴ! አበላሸሁት አይደል?»

«አላበላሸሽም» አልኳት።

እሷንም ከነጃንጥላዋ አነሳኋት። ታክሲ ውስጥ ቲማቲሜን ታቅፌ ሳስበው፣ እሱ በአንዲት አትክልት ሻጭ ፊት እንኳን ስሜን ጠብቆልኛል። እኔ አስከሬኑ ሳይወጣ ዋሸሁበት።

ዛሬ ጠዋት ፎቶውን ለማሳጠብ ወሰድኩት። ባለፎቶ ቤቱ «እማማ፣ ይቺን ጣት ላጥፋት?» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት። «እሷ ናት ያነሳችው።»

እናንተ ይህን የምታነቡት ከፎቶው ጋር ለልጄ ከሰጠኋት በኋላ ነው። ሕይወትዬ፣ መጀመሪያ ላንቺ ነው... አባትሽ መነሳት ይወድ ነበር።