ወደ ጩኸት የሚሮጥ ሰፈር

አያ ፋንታ ሲያወሩ ሰው ጆሮውን ማስጠጋት አለበት። ሻይ ሲያዙ አስተናጋጇ ሁለቴ ታስደግማቸዋለች፤ ሰላምታቸውም ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ ካልሆነ አይታወቅም። ታች ሰፈርን በሙሉ በአንድ ጩኸት ከቤት የሚያወጡት ግን እኒሁ ሰው ናቸው።

ታች ሰፈር ከቢቸና ጫፍ፣ ከወንዙ ዳር የተኛች ሜዳ ናት። ከጀርባዋ ጉብታ አለ። አያ ፋንታ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነው ሠላሳ ዓመት ኖረውባታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ኡኡ ያሉት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቴ ለእሳት፣ አንዴ ለሌባ፣ አንዴ ጉድጓድ ለገባች ጊደር። አራቱም እውነት ነበር።

እኛ ዘንድ ኡኡታ ሲሰማ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወንዱ ዱላውን፣ ሴቷ ጀሪካኗን ይዘው ድምፁ ወደመጣበት ይሮጣሉ፤ ምክንያቱን የሚሰሙት እዚያ ሲደርሱ ነው። ሰምቶ የቀረ ሰው በማግስቱ ሰላም የሚለው አያገኝም። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆነች አራስ ብቻ ናት።

አምና መመሪያ ወጣ። ስሙ «የሕዝብ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትን ለማሻሻል የወጣ መመሪያ» ይባላል። እኔ የወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስለሆንሁ ይህን ስም በአንድ ቀን አሥራ አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ጎርፍ ቢመጣ ስሙ ተነቦ ሳያልቅ ሱዳን ይገባል። ሠላሳ ሁለት አንቀጽ አለው። አንቀጽ ሰባት «የማንቂያ መሣሪያ አደጋው በሚደርስበት ስፍራ ይተከላል» ይላል። አንቀጽ አሥራ አንድ ደግሞ ከመሣሪያው ውጭ በሌላ መንገድ ሕዝብን ማስጠንቀቅ መደናገር ስለሚፈጥር ክልክል ነው ይላል። ሠላሳ ሁለቱንም አንቀጽ ያረቀቁት ሰዎች ታች ሰፈርን አይተዋት አያውቁም። ማየት ደግሞ አንቀጽ አልወጣለትም።

አደጋው የሚደርሰው ወንዙ ዳር ነውና መሣሪያው፣ ማለትም ሳይረኑ፣ ወንዙ ዳር እንዲተከል ተወሰነ። መጋዘኑ ስለተዘጋ የሳይረኑ ጠባቂ አያ ፋንታ ሆኑ። ውሳኔው ለነዋሪው በተገለጸበት ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ልጆቼ፣» አሉ፤ አዳራሹ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ይኼ ነገር ከጮኸ ሰዉ ወደሱ ነው የሚመጣው። ወንዙ ዳር ከሆነማ ሰውን ለውኃው መጥራት ነው። ጉብታው ላይ ስቀሉት።»

ሰብሳቢው የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ሀብተ ሥላሴ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታተመ ወረቀት ሲያይ ብቻ ልቡ ይርዳል።

«አያ ፋንታ፣ ጉብታው ላይ ጎርፍ ደርሶ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው አንቀጽ ሰባት አይፈቅድልንም።»

እኔም «አስተያየቱ በግብዓትነት ተወስዷል» ብዬ ጻፍሁ። የት እንደተወሰደ እስከዛሬ አላውቅም።

ሳይረኑ በተመረቀ ቀን መብራት አልነበረም። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ሳይረኑ ግን ድምፁን ሳያሰማ በጭብጨባ ብቻ ተመረቀ። ሰኔ ላይ በፀሐይ የሚሠራ ባትሪ ተገጠመለት። ለአያ ፋንታ ቁልፍና የዝናብ ካፖርት ተሰጣቸው። ካፖርቱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

በዚሁ ሰኔ መጨረሻ ላይ እፀገነት ወለደች። እፀገነት የአያ ፋንታ አንድ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች በኋላ እሳቸው ናቸው ብቻቸውን ያሳደጓት። ባል ያገባችው እዚያው ታች ሰፈር ነው፤ ቤቷ ከወንዙ ሦስተኛው ነው። ሴት ልጅ ወለደች፤ አያ ፋንታም ለሦስት ቀን ያህል ሰው የሚሰማው ድምፅ አወጡ።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቢቸና ላይ ፀሐይ ነበር። የዘነበው ወደ ጮቄ ተራራ ነው። አያ ፋንታ ከሳይረኑ ሥር ተቀምጠው ሳለ ውኃው ደፈረሰ፤ ቀጥሎ ገለባና የተሰበረ እርፍ አለፈ። ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንከባለል ሰሙ። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር። የሳይረኑን ሳጥን ከፍቶ ማንቂያውን መጫን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ቢያልቅም እሳቸውን የሚጠይቅ የለም፤ በመመሪያው መሠረት ነው ያለቀው።

ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጉብታው ሮጡ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ካፖርቱን መንገድ ላይ ጣሉት። ጫፍ ላይ ደርሰው ወደ ሰፈሩ ዞሩና ኡኡ አሉ።

እኔ ከላይ ቢሮ ውስጥ ነበርሁ። አንቀጽ አሥራ አንድን በእጄ የገለበጥሁት ሰው፣ እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ ወደ ጩኸቱ ሮጥሁ። ታች ሰፈርም ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ዱላ፣ ጀሪካን፣ አካፋ ተይዞ ሁሉም ሽቅብ። «ማን ነው? እሳት ነው?» ይላሉ እያለከለኩ። የእፀገነት ባልም ዱላውን ይዞ ከፊተኞቹ ጋር ደረሰ። ሚስቱን ቤት ትቷት ነው የመጣው። ምን ያድርግ፣ አራስ ለኡኡታ አትወጣም።

አያ ፋንታ የወጣውን ሰው አንድ በአንድ ፊቱን አዩ። ልጃቸው የለችም። ኡኡታቸውን አቆሙና ስሟን ይጠሩ ጀመር።

«እፀገነት! ልጅሽን ይዘሽ ውጪ! እፀገነት!»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ቀጭን ሰውዬ ይወጣል ብዬ አልጠብቅም ነበር። አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። በሩ ተከፈተ፤ ሕፃኗን አቅፋ ወጣች፤ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ደግሞ ተመልሳ ገባች። አራስ ያለ ብረት ከደጅ አትወጣምና ቢላዋዋን ረስታ ኖሯል። ሰፈሩ በሙሉ «ተይው!» እያለ ጮኸ። በአንድ እጇ ሕፃን፣ በአንድ እጇ ቢላዋ ይዛ ባሏ ወርዶ ሲቀበላት፣ ውኃው የቤቷን በር አልፎ ገባ። በዚያን ቀን አሥራ አንድ ቤት፣ አንድ አህያና ዶሮው ሁሉ ሄደ። ሰው አልሞተም።

በሳምንቱ አያ ፋንታ ተከሰሱ። ሥራ ቦታቸውን ጥለው ሄደዋል፤ መሣሪያውን አልተጫኑም፤ ባልተፈቀደ መንገድ አስጠንቅቀዋል። ሦስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠው መረመሯቸው። እኔ ጸሐፊ ነበርሁ።

«ጉብታው ላይ ምን አደጋ ነበር?» አለ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን እዚያ ሄደው ጮኹ?»

«ምንም ስለሌለ።»

«አልሰማንም፤ ይድገሙልን።»

ደገሙላቸው። ኮሚቴው ነገሩን የግንዛቤ ችግር ነው አለና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ክረምት በወቅቱ ያደረሰው ማስጠንቀቂያ ይኼው ብቻ ነበር።

ሪፖርቱ ግን ያማረ ሆነ። «በመመሪያው መሠረት በተተከለው ሳይረን አማካይነት ሕዝቡ ፈጥኖ በመውጣቱ የሰው ሕይወት አልጠፋም» ይላል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። አፈርሁ፤ ቢሆንም ጻፍሁት። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄደ፤ ከላይም ምስጋና መጣ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሞጣ ስምንት ሰዎች ልምድ ሊቀስሙ በሚኒባስ መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ ነጅዋ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ፤ እነሱም በተራቸው ሳይረን ሊተክሉ ነው።

ለእንግዶቹ ልምምድ ተዘጋጀ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ቤታቸውን መልሰው የሠሩትን የታች ሰፈር ሰዎች ከዋዜማው ሰብስቦ «ሳይረኑ ሲጮህ ልክ ሐምሌ ላይ እንዳደረጋችሁት አድርጉ» አላቸው። ሰዉም እሺ አለ።

በማግስቱ ከሳይረኑ ምሰሶ ሥር ቆምን። አያ ፋንታ ሳጥኑን ከፍተው እንዲጫኑ ተጠየቁ፤ እንቢ አሉ።

«ተው ልጄ፣ ይቅር፤ እባክህ።»

«አያ ፋንታ፣ ልምምድ እኮ ነው። ወንዙን ይዩት፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም።»

«ውኃውስ የለም። ሰዉ ግን ይማራል። ዛሬ የተማረውን ክረምት ላይ ይደግመዋል።»

ይህን ያሉት እንደወትሯቸው በለሆሳስ ስለሆነ እንግዶቹ አልሰሙም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ፈገግ እያለ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደና ሳጥኑን ከፍቶ ራሱ ማንቂያውን ተጫነው።

ሳይረኑ ከተተከለ ጀምሮ ሲጮህ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ጥሩ ድምፅ አለው፤ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ታች ሰፈር ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ዱላ፣ ጀሪካን፣ አካፋ ተይዞ፣ ልክ እንደ ሐምሌው፣ ወደ ጩኸቱ። ሁሉም ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ።

ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው እፀገነት ናት። አራስነቷ አልቋል፤ የሕፃኗ ክርስትናም አልፏል። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ምሰሶውን በእጇ ነክታ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ ዛሬ አልዘገየሁም!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ሰዓቱን አይቶ «ሁለት ደቂቃ ከአርባ!» አለ። ወይዘሮ ነጅዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። አያ ፋንታ ግን የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ጉብታው ይጎትቷት ጀመር፤ እሷ ደግሞ ልምምዱ መቼ አለቀ ብላ ትስቅባቸዋለች። የቆመችበትን ቦታ እኔም አውቀዋለሁ። ሐምሌ ላይ ውኃው አንድ ትልቅ ግራር ከነሥሩ ነቅሎ የወሰደው ከዚያ ነው።