ስልኩን የማይዘጉት ሴትዮ

ቢፎርድ ሀይዌይ ዳር ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ማድረቂያቸው ከቆመ ቆይቷል፤ ሴትዮዋ ግን መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ንቅንቅ አይሉም። ውጭ ፀሐይ ነው፤ እሳቸው የዝናብ ቦቲ አድርገዋል። ጭናቸው ላይ የተቀመጠው ስልክ ያንኑ የካውንቲውን፣ የአካባቢውን አስተዳደር ቢሮ፣ የማስጠበቂያ ሙዚቃ ይደጋግማል።

«እትዬ፣ ልብስዎን ላውጣልዎት?» አልኳቸው።

«ተባረኪ። ከተነሳሁ ሲግናሉ ይቆረጥብኛል። የሰሞኑ ወጀብ ከምድር በታች ያለውን ቤዝመንቴን በውሃ ሲሞላው ማጠቢያዬም አብሮ ሄደ። የመንገዱ ቱቦ ተደፍኗል ብለን አስቀድመን ለካውንቲው ሪፖርት አድርገን ነበር እኮ!»

ሙዚቃው ተቋረጠ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ለስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ሄሎ ሃኒ፣ ሃው አር ዩ? ፋሚሊ ኦኬ? ማም ኦኬ?»

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሳቀች፤ ወሬው ቱቦው ጋ እስኪደርስ ግን አልጠበቀችም። ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈቻቸው፤ ሙዚቃውም እንደገና ጀመረ።

እኔ ተናደድኩ። «ምናለ በቀጥታ ጉዳይዎን ቢናገሩ!»

«እሷ ምን አጠፋችና ሰላምታ ልንፈጋት?» አሉኝ፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ እያመቻቹ። «እኔ የምፈልገው ሪፖርታችንን አይቶ ዝም ያለውን ሰው ነው። እሱን ሳገኘው ደህና ነህ ወይ አልለውም።»