የሽንኩርቱ ውሃ

ያን ቀን የሸዋ ሮቢት ወበቅ ገና በጠዋቱ ያፍን ነበር። ቆንጅት ከሽንኩርት ማሳዋ ሳትወጣ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ተደወለላት። የባሏ የደምሴ የጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና ተራ ስለደረሰ ነገ ይምጣ አሏት።

ነገ ግን የውሃ ተራቸው ነበር። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ቦዩን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚለቅላቸው፤ ተራው ያለፈበት ሰው ሽንኩርቱ ይደርቅበታል።

«አጠጥተን ከነገ ወዲያ እንሂድ» አለችው።

«አንቺ ካልሽ» አለ ደምሴ በሻከረ ድምፁ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ የደምሴ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሦስት ወር ጠበቁ።

በመጨረሻ ደምሴ የጨረር ማሽኑ ስር ተኝቶ ሲወጣ፣ ቆንጅት ሚሊዮን የሚባለውን ባለሙያ ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችው።

«ከመዳብ የተሠሩ ባዶ ክፍሎች አሉ፣ እትዬ። ውስጣቸው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመላለሳል። ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች በሰዓታቸው ከገቡ ሞገዱ እየገፋ ያፈጥናቸዋል። ጨረሩ የሚገኘው በዚያ ፍጥነት ብረት ሲመቱ ነው።»

«ከዘገዩስ?»

«ያው የሚገፋቸው ሞገድ ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል።»

«እንደ ቦይ ውሃ ተራ አለው በለኛ።»

«እርስዎማ አስተማሪ መሆን ነበረብዎት» ብሎ ሳቀ። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል እንዳቋረጠች አያውቅም። እሷ አልሳቀችም። ያጠጣችበትን ያን አንድ ቀን እያሰበች ነበር።

ደምሴ ለፋሲካ አልደረሰም። ሽንኩርቱ ግን እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም።

አሁን ቆንጅት መሬቱን ከነውሃ ተራው ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች።